የሥልጣን ዘመንና የዕድሜ ገደብ፦ በሕጋችን ውስጥ ያለውና የሌለው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ንዑስ አንቀጽ 4 በጣም አጭር ነው። የፕሬዚዳንቱ የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት መሆኑን ይናገርና ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ለፕሬዚዳንትነት እንደማይመረጥ ይደነግጋል። ትንሽ ወረድ ብለን አንቀጽ 72ን ስናነብ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምናገኘው ግን ሌላ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ነው ይላል፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል አንዲት ቃል የለበትም። በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። የአምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ የሚቀበለው ባለሥልጣን ተገድቦ ካቢኔውንና ጦሩን የሚመራው ለምን ሳይገደብ ቀረ?

ጥያቄው ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም። በምንኖርባት በካርቱም ከተማ በ2011 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የሥራ ዘመን ሲያልቅ ምን ይሆናል የሚለው ጉዳይ ምሁራንን በቴሌቪዥን አከራክሯል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ። በሦስት የቀን መቁጠሪያ ለሚኖር የካርቱም ልጅ ይህ አያስቸግረውም።)

መጀመሪያ ለተማሪዎቹ ጥያቄ መልስ እንፈልግ። በፓርላማ ሥርዓት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን ምክር ቤቱ ነው። የመረጠው ምክር ቤት እምነት ካጣበት ደግሞ ዘመኑ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ሊያነሣው ይችላል። እንግሊዝ ለጠቅላይ ሚኒስትሯ የዘመን ገደብ የላትም፤ ሆኖም ማርጋሬት ታቸርን ከ11 ዓመት በላይ ከመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወንበራቸው ያስነሣቸው የገዛ ፓርቲያቸው ነው። የጀርመኗ አንጌላ መርክልም እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2021 በሥልጣን ላይ የቆዩት ገደብ ስላልነበረባቸው ነው። በፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ግን ፕሬዚዳንቱን በመሐል ማንሣት እጅግ ከባድ ነው። አሜሪካኖች ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ተመርጠው ሥልጣን ላይ እንዳሉ ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በጸደቀው ሃያ ሁለተኛ ማሻሻያ ፕሬዚዳንታቸውን በሁለት ምርጫ የገደቡት በዚህ ምክንያት ነው።

መልሱ በመጽሐፍ ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚሠራው ምክር ቤቱ በእርግጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሊያነሣ የሚችል ምክር ቤት ሲሆን ነው። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን ወንበሮች በሙሉ ያዙ። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት እምነት የሚያጣው ማን ነው? ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ለእጩነት ያቀረባቸው ፓርቲ ሊቀ መንበር ያው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እኔ እንደማምነው የዘመን ገደብ ጉዳይ በአገራችን ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ልምዱን እንይ። አቶ መለስ ዜናዊ ከነሐሴ 1987 ጀምሮ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. እስካረፉበት ድረስ 17 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ የሽግግሩ ዘመን ሲጨመርበት 21 ዓመት ይሆናል። ኢሕአዴግ በኋለኞቹ ዓመታት «መተካካት» የሚል ዕቅድ ይዞ ነባር መሪዎች ለአዲሶች ቦታ እንዲለቅቁ ወስኖ ነበር። መተካካት ግን የፓርቲ ውሳኔ እንጂ ሕግ አልነበረም፤ የፓርቲን ውሳኔ ደግሞ ፓርቲው ራሱ በአንድ ስብሰባ ይሽረዋል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን ብንቆጥር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በወታደሮች ከዙፋናቸው ሲወርዱ 82 ዓመታቸው ነበር፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ከአገር ወጡ። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው ለመልቀቅ ሲጠይቁ ብዙ ሰው ማመን ያቃተው በዚህ የተነሣ ነው። ሞት፣ መፈንቅለ መንግሥት ወይም ስደት ሳይሆን የመልቀቂያ ደብዳቤ አይተን አናውቅም ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዙ ብዙም ሳይቆዩ፣ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የጠቅላይ ሚኒስትር ዘመን በሁለት የምርጫ ዘመን እንደሚገደብ ተናግረዋል። ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድረስ ማሻሻያው ለውሳኔ አልቀረበም።

ወደ ዕድሜ እንለፍ። የዕድሜ ገደብ ሁለት ጫፍ አለው፤ ከታችና ከላይ። የታችኛውን ሕጋችን በሚገባ ይናገራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል፤ በምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ለእጩነት ይቀርባል። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መራጭ ለመሆን 21፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ለመሆን 25፣ ሴናተር ለመሆን 35 ዓመት ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ በአያቶቻችሁ ዘመን ለመምረጥ ብቻ ይጠየቅ የነበረው ዕድሜ ዛሬ ለመመረጥ ይበቃል ማለት ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ ሦስት ዓመት ቢታገሡ በሕግ ፊት እጩ መሆን ይችላሉ።

የላይኛው ጫፍ ግን የለም። የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ለዳኞችም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 «በሕግ ከተወሰነው የጡረታ ዕድሜ በፊት» እያለ ስለ ጡረታ ያነሣል። ለተመራጭ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረጡ ዕድሜያቸው 76 ነበር፤ ሁለት ሙሉ ዘመን አገልግለው በ2006 ዓ.ም. ሲሰናበቱ 89 ሊሞላቸው ተቃርበው ነበር። ያሰናበታቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን አንቀጽ 70 ነው። እስከ ዛሬ በአገራችን የዘመን ገደብ በሥራ ላይ ውሎ አንድን ርእሰ ብሔር በሰላም ሲሸኝ ያየነው በእርሳቸው ላይ ነው። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አንድ ዘመን ብቻ አገልግለዋል፤ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ዘመናቸው ሳይሞላ ለቀዋል፤ ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምረው እስከ 2017 ዓ.ም. አንድ ዘመን ብቻ አገልግለዋል።

አሁን ወደ ጎረቤት፣ ማለት ወደምንኖርበት ቤት እንምጣ።

በ1997 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በሱዳን የጸደቀው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 57 የፕሬዚዳንቱ ዘመን አምስት ዓመት እንደሆነና አንድ ጊዜ ብቻ ድጋሚ ሊመረጥ እንደሚችል ይናገር ነበር። እጩው ቢያንስ 40 ዓመት የሞላው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል እንዲሆንም ይጠይቅ ነበር። ጽሑፉን ብቻ የሚያይ ሰው ከኛው የተሻለ ነው ይላል። ሆኖም ኦማር አል በሽር ሥልጣን የያዙት ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። አዲስ ሕገ መንግሥት ሲመጣ የቀድሞዎቹ ዓመታት ከሒሳቡ ወጡና ቆጠራው ከ2002ቱ ምርጫ እንደ አዲስ ተጀመረ። በ2007 ዓ.ም. ሁለተኛው መጣ። ከዚያ ወዲያ በሕጉ መሠረት የለም። ይሁንና በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፓርቲያቸው ለሚቀጥለው ምርጫም እጩው እርሳቸው እንደሆኑ አሳወቀ፤ በ2011 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ የፓርላማ አባላት አንቀጹ እንዲሻሻል ፊርማ አሰባስበው አቀረቡ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. አትባራ ላይ ሕዝብ ወጣ። ሰው የወጣው በዳቦ ዋጋ እንጂ በአንቀጽ 57 እንዳልሆነ መካድ አይገባም። ነገር ግን በቀናት ውስጥ ጩኸቱ «ተስጉጥ በስ» ሆነ፤ ይውረድ፣ አለቀ! ዳቦ ያስወጣውን ሰው ወደ ቤቱ ሊመልስ የሚችል አንድ ተስፋ ነበር፤ እርሱም ሌላ ሰው የሚመጣበት የታወቀ ቀን ነው። ያንን ቀን ሊሰርዙት መሆኑን ደግሞ ሁሉም በሬዲዮ ሰምቷል። ማሻሻያውን የያዘው ኮሚቴ የካቲት ላይ ሥራውን ቢያቋርጥም ጊዜው አልፎበት ነበር። መጋቢት 28 ቀን ሕዝቡ በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ፣ በቂያዳው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሚያዝያ 3 ቀን ጦሩ ፕሬዚዳንቱን አወረደ። ከዚያ በኋላ በግንቦት መጨረሻ በዚያው ቦታ የፈሰሰውን ደም ይህች ከተማ አልረሳችም።

ነሐሴ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በአባይ ዳር በሚገኘው የወዳጅነት አዳራሽ የተፈረመው የሕገ መንግሥት ሰነድ ለኛ ትምህርት ይበልጥ ይጠቅማል። በሽምግልናው የኢትዮጵያ ልዩ መልእክተኛ አምባሳደር ማሕሙድ ድሪር ከአፍሪካ ኅብረቱ መልእክተኛ ጋር የደከሙበት በመሆኑ እኛም የምንኮራበት ነው። ሰነዱ የሽግግሩን ዘመን 39 ወር አድርጎ የሉዓላዊ ምክር ቤቱን ሊቀ መንበርነት ለሁለት ከፈለው፤ የመጀመሪያው 21 ወር ለወታደሮች፣ የቀረው 18 ወር ለሲቪሎች። ዕድሜም አስቀምጧል፦ ለሉዓላዊ ምክር ቤት አባል 35፣ ለሚኒስትር 25፣ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት 21። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሉዓላዊ ምክር ቤቱና የካቢኔው አባላት ሽግግሩን ተከትሎ በሚመጣው ምርጫ እንዳይወዳደሩ መከልከሉ ነው። ሜዳውን የሚያስተካክለው ሰው በሜዳው ላይ አይጫወትም እንደማለት ነው። በሰነድ ላይ የተጻፈ ወርና ቀን ግን ራሱን አያስከብርም።

የላይኛውን የዕድሜ ጫፍ ለማጥናት ደግሞ ከኡጋንዳ የተሻለ አገር የለም። የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት የወጣው የኛው ሥራ ላይ በዋለበት በእ.ኤ.አ. 1995 ነው። ሁለቱንም አጥሮች ይዞ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የአምስት ዓመት ዘመን እንዳያልፍ፣ እጩው ደግሞ ከ35 ዓመት እንዳያንስና ከ75 እንዳይበልጥ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥልጣን ላይ ያሉት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ሁለተኛ ዘመናቸው ሊያልቅ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጀመሪያው አጥር ተነቀለ። የቀረው የዕድሜው ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017፣ የምክር ቤት አባላት በአዳራሹ ውስጥ በወንበር እስከ መደባደብ ከደረሱ በኋላ ተነሣ። የሚያስገርመው፣ ዕድሜውን ያነሣው ያው ሕግ የሁለት ዘመኑን ገደብ መልሶ አስገባ፤ ቆጠራው ግን ከሚቀጥለው ምርጫ እንዲጀምር ነው። የካርቱሙን ብልሃት እዚህም አገኘነው፦ ገደቡን አትጣሰው፤ ቆጠራውን ከዜሮ አስጀምረው።

አል በሽርና ሙሴቬኒ የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሱዳን የዘመን ገደብ ሳይኖራት የኡጋንዳውን የ75 ዓመት ጣሪያ ብቻ ይዛ ቢሆን ኖሮ፣ በ45 ዓመታቸው ሥልጣን የያዙት አል በሽር 30 ዓመት ሙሉ በሕግ ተፈቅዶላቸው ይገዙ ነበር። አቶ መለስም አገሪቱን መምራት የጀመሩት በ36 ዓመታቸው ስለሆነ ጣሪያው 39 ዓመት ይሰጣቸው ነበር። ስለዚህ የዕድሜ ጣሪያ የዘመን ገደብን ሊተካ አይችልም። ወጣት ሆኖ ለመጣ መሪ ጣሪያው በጣም ሩቅ ነው፤ በ70 ዓመቱ ለሚመረጥ ጨዋ ሽማግሌ ግን ያለ ጥፋቱ በሩን ይዘጋበታል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የዘመኑን እመርጣለሁ። ዕድሜ ሰውን በጅምላ ይፈርዳል፤ ዘመን ግን የሚቆጥረው ወንበሩ ላይ የተቀመጠበትን ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ የሱዳን ሕግ ዕድሜን በሌላ መንገድ ያከብራል። ታኅሣሥ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አል በሽር በሙስና ሲፈረድባቸው ዳኛው ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በእስር ቤት አይቀጣም ብለው ሁለቱን ዓመት በማረሚያ ተቋም እንዲያሳልፉ ወስነዋል።)

የዘመን ገደብ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። ለእነርሱ መልሱ ቦረና ነው። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ሥልጣን ላይ የሚቆየው 8 ዓመት ነው፤ ከዚያ ለተተኪው ያስረክባል፤ ዳግመኛ አይመለስም። የቦረናው 71ኛ አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ በ2009 ዓ.ም. ሥልጣን ተረክበዋል። ከእርሳቸው በፊት ያሉት 70 ዘመኖች በ8 ሲባዙ 560 ዓመት ይሆናሉ፤ ይህም ወደ 1449 ዓ.ም. ገደማ ይወስደናል። ዕድሜም በሥርዓቱ ውስጥ አለ፤ ግን እንደ ጣሪያ ሳይሆን እንደ ደረጃ ነው። አንድ ትውልድ በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን ያልፋል፤ በአባትና በልጅ የሥልጣን ተራ መካከል 40 ዓመት አለ፤ ዘመናቸውን የጨረሱትም አይጣሉም፣ በምክር ይቀጥላሉ። በዘመኑ አጋማሽ የሚጠራው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጎችን ይመረምራል፤ ያጠፋ አባ ገዳንም ሊያነሣ ይችላል። ዩኔስኮ በኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ስብሰባ ገዳን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሴቶችን ከአባ ገዳነት ያገለለ መሆኑን ግን በጭብጨባው መካከል መርሳት አይገባም።

በገደብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞም ቀላል አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚለቅበትን ቀን የሚያውቅ ሹም ያንን ተረት መመሪያ አድርጎ በመጨረሻው ዓመት ቶሎ ቶሎ ቢበላስ? ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ቀን ያልተቆረጠለት ሹም ስለማይሻር አይበላም ብሎ ታሪክ አላሳየንም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል። ሕዝቡ የሚወደውን መሪ ድጋሚ እንዳይመርጥ መከልከል የመምረጥ መብቱን መቀነስ አይደለምን? አዎ፣ ይቀንሰዋል። የሚቀንሰው ግን አንድ ስም ነው። ገደብ በማይከበርበት ቦታ ግን፣ በቡሩንዲ እንዳየነው፣ ጉዳቱ ከአንድ ስም ይበልጣል። ፒየር ንኩሩንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሦስተኛ ጊዜ እወዳደራለሁ ሲሉ አገሪቱ በደም ተናወጠች፤ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ። እርሳቸውም ሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥልጣን ሊያስረክቡ ሳምንታት ሲቀራቸው አርፈዋል።

የ2012ቱ የአገራችን ጉዳይ ከዚህ ሁሉ በዓይነቱ ይለያል። ጥያቄው አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይመረጥ የሚል ሳይሆን፣ ምክር ቤቱ ራሱ ዘመኑ ሲያልቅ ምርጫ ካልተደረገ ምን ይሆናል የሚል ነው። አንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት መሆኑንና ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት ምርጫ ተካሂዶ እንዲጠናቀቅ ይደነግጋል። ምርጫው ለነሐሴ 23 ቀን ተቆርጦ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ምርጫ ቦርድ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በቀኑ ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። መንግሥት ያቀረባቸው አማራጮች አራት ነበሩ፤ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልና የሕገ መንግሥት ትርጉም መጠየቅ። ምክር ቤቱ ሚያዝያ 27 ቀን የመጨረሻውን መረጠ። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ምሁራንን በቴሌቪዥን ፊት አስቀርቦ ሰማ፤ ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ሥጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫው እንዲደረግ፣ እስከዚያም ያሉት ምክር ቤቶች እንዲቀጥሉ ወሰነ።

በውሳኔው የሚስማማም የማይስማማም በየቤታችን አለ። ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ግን ከስምምነቱ በፊት ይመጣል። ሕጉ ስለ ዘመን ማብቂያ የጻፈው ስለ ሰላሙ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘመን ሲያልቅና መራጭ ከቤት መውጣት ሳይችል ሲቀር ማን፣ በምን ሥልጣን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ አልተጻፈም። «ከወረርሽኙ በኋላ» ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ላይ የማይገኝ ቀን ነው። ትርጉሙን የሰጠው አካል ራሱ ዘመኑ በዚያው ውሳኔ የተራዘመለት መሆኑም አከራካሪ ሆኖ ይኖራል።

የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዘመን በሁለት ለመገደብ ከተፈለገ መንገዱ አንቀጽ 105 ነው። የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው፤ በተጨማሪም ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ መቀበል አለባቸው። ከባድ ነው፤ ግን የመሠረታዊ መብቶችን ምዕራፍ ለማሻሻል የሁሉም ክልሎች ስምምነት እንደሚጠየቀው ያህል አይደለም። አርቃቂዎቹ አንቀጽ 72 ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምረው የሚያበቁ ሊመስላቸው ይችላል። የካርቱምና የካምፓላን ታሪክ ያነበበ ተማሪ ግን ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር መፈለግ አለበት፤ ይህም ማሻሻያው ከመጽደቁ በፊት በወንበሩ ላይ ያለፉት ዓመታት ይቆጠሩ ወይም አይቆጠሩ እንደሆነ በግልጽ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ነው።